በልጄ ክፍል የተቀመጥኩባቸው አምስት ቀናት

ባለፈው ዓመት፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ገፋ ሲል፣ ከዓመት ፈቃዴ ላይ አምስት ቀን ወስጄ ልጄ ክፍል ውስጥ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ለቡ ውስጥ ያለ የኪራይ ቪላ ነው። የእነሱ ክፍል ድሮ ሳሎን ነበር፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ኮርኒሱ መሃል ላይ ትልቅ መብራት ይንጠለጠልበት የነበረው መስቀያ ባዶውን ቀርቷል። አርባ ሦስት ልጆች ይማሩበታል። እኔ አርባ አራተኛ ሆንኩ።

ነገሩ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የመጣው በመገናኛ ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጻፍ ማስታወሻ ነበር። «ዛሬም ከቦታዋ እየተነሳች አስቸግራለች።» «የክፍል ሥራ አልጨረሰችም።» «ሳታስፈቅድ ወጥታለች።» ባለቤቴ እያነበበች ትፈርማለች፤ እኔ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። ቤት ውስጥም የማናውቀው ነገር አልነበረም። ካልሲሽን አድርጊ ብለን ከላክናት አንዱን አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ እናገኛታለን። ሹራብ፣ ምሳ ዕቃ፣ የውሃ መያዣ፣ የጠፋው ብዙ ነው። ስናናግራት የነገሩን ግማሽ ትሰማና ሌላውን ግማሽ ለግድግዳው እንነግረዋለን። ልጅ ናት አልን። ጎረቤቱም ቀዥቃዣ ብሎ ያልፋታል፤ ቃሉ ስድብም ነው፣ ማቆላመጥም ነው።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህርቷ ሁለታችንንም አስጠራችን። ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ልጃችሁ ሰነፍ አይደለችም» አለች። «ግን ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው። ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር አለ፤ ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ነው። ነው አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው የምለው።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ሐኪም ቤት ወረፋ እስኪደርሰን ወር ያህል ፈጀ። የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኛ ስናወራ ልጅቷ ሚዛኑ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፣ የመጋረጃውን ገመድ ሳበች፣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍታ ውስጡ ያገኘችውን ማኅተም ወረቀት ላይ መታች። እሳቸው ተዉአት አላሉም፣ ተይ አላሉም። ካዩዋት በኋላ ሁለት ቅጽ ሰጡን፤ አንዱ ወላጅ የሚሞላው፣ አንዱ መምህር የሚሞላው።

ቅጹ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ለፊት አራት ሳጥን አለ፤ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የፊደልና የነጥብ ግድፈት እለቅማለሁ፤ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቅጹን እንደያዝኩ እስክሪብቶ አነሳሁና «መቀመጥ» ከሚለው ቃል ውስጥ የተዘለለችውን «ቀ» አስገባሁ። ባለቤቴ ታየኛለች።

«ፊደሉን ነው የምታርመው?» አለች። ቅጹን ተቀበለችኝና በሁለት ደቂቃ ሞላችው። ሁሉንም በጭራሽ።

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ሁሉንም።»

«ከትናንት ወዲያ አንድ እግር ጫማዋን ታክሲ ውስጥ ጥላ ወርዳለች።»

«አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን አልፎ አልፎም አይባልም።»

የመምህርቷ ቅጽ በሦስተኛው ቀን በታሸገ ፖስታ መጣ። ሐኪሙ ናቸው የከፈቱት። ሁሉም ሁልጊዜ ነበር። ምልክቱም ሳጥን በሳጥን የተደረገ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ የሁለት ልጆች ናቸው» አሉ። «አባትየውስ ምን ይላሉ?»

ጠዋት ከጎፋ ታክሲ ይዣት ለቡ አደርሳታለሁ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ እራቷን በልታ አልጋዋ ላይ ናት። በሥራ ቀን ከልጄ ጋር የማሳልፈው ጊዜ አንድ የታክሲ ጉዞ ነው። እንዲሁ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ይዩ» አሉ። «አይፍረዱ፣ ይዩ ብቻ። ምን እንዳደረገች ሲጽፉ ከዚያ ቀደም ብሎ ምን እንደነበረም ይጻፉ።»

መምህርቷ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ልጅ ናት። ፈቃድ ስጠይቃት በደስታ አልተቀበለችኝም።

«እኔን ሊያዩ ነው ወይስ እሷን?» አለች።

«እሷን።»

«ሁለታችንም ያለነው እዚያው ነው» አለች። «ይምጡ።»

ሰኞ ምንም አልሠራሁም። ልጄ በየደቂቃው ዞር እያለች ስታየኝ ዋለች። ክፍሉን በሙሉ «አባቴ ነው» እያለች አስተዋወቀችኝ። ልጆቹም ጋሼ ይሉኝ ጀመር። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጉልበቴ ዴስኩ ስር አልገባ ማለቱን ጥቂት አየችና «ጋሼ፣ ፈተና ወድቀው ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቃት መቅረጫዋን ታውሰኛለች።

ማክሰኞ ረሳችኝ። ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። የምትቀመጠው በሩ ጥግ ነው። መምህርቷ እዚያ ያስቀመጠቻት መውጣቷ ካልቀረ ሌሎቹን ሳትረብሽ እንድትወጣ ብላ ነው። በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል። ከአጥሩ ወዲያ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ብረት ሲቆረጥ ድምፁ ክፍል ውስጥ ድረስ ይገባል። ሌሎቹ ልጆች የሰሙም አይመስሉ። የእኔ ልጅ በእያንዳንዱ ቀና ትላለች። እስከ ረፍት ድረስ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ከቦታዋ ተነሳች። ስድስቱ እርሳስ ለመቅረጽ ነው። አራቱ የሌላ ልጅ ላጲስ ወድቆ ለማንሳት ነው። አንዱ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀርባ ለማየት ነው፤ መምህርቷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር ለምን እንደተነሳች አላየችም፤ መነሳቷን ብቻ አየች። የቀሩትን ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅኩም። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። ተነስታ መሃል ላይ ትደርስና የመጣችበትን ረስታ ትቆማለች።

ከዚያ የጻፈችውን አየሁ። ሌሎቹ ስምንት መስመር ሲገለብጡ እሷ ሁለት መስመር ተኩል ገልብጣለች። ፊደሏ መጥፎ አይደለም። የቆመችበት ቃል ግን መሃሉ ላይ ነው የተቋረጠው፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ እርሳሷን አንስታ አልተመለሰችም።

መምህርቷ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠችም። ወንበሯ ላይ የተከመሩት ደብተሮች ናቸው የተቀመጡት። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፅዋ ይሰበራል፤ ያኔ በማስመሪያ ሰሌዳውን መምታት ትጀምራለች። እኔም አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መስማት አቁሜ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፐ ስህተት እፈልግበት ነበር። ይህንንም ጻፍኩት።

ረቡዕ ከረፍት በኋላ ርዕሰ መምህርቷ መምህርቷን ቢሮ አስጠራቻት።

«ጋሼ፣ አስር ደቂቃ ብቻ ይያዙልኝ» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንዲገለብጡ አዝዛ ወጣች።

ሰሌዳው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ጸጥ አሉ። ከዚያ መሃል ረድፍ ላይ ያለ አንድ ልጅ ጮኸ፤ ሲነቃነቅ የሰነበተ ጥርሱ ወልቆ እጁ ላይ ወድቋል። አገጩ ደም ነው። ሁሉም ሊያዩ ተነሱ። እኔ ሶፍት ፈልጌ አፉን ጠረግኩ፣ ጥርሱን ጠቀለልኩ፣ አንዱ የቤት ጣሪያ ላይ ወርውረው ሲለኝ ሌላው አይ እናቱ ነች የምትወረውረው ይላል፣ ከኋላ ሁለት ልጆች በማስመሪያ ይመታታሉ። መምህርቷ ስትመለስ ጥርሱን በእጄ እንደያዝኩ ነበርኩ። ክፍሉን አንድ ጊዜ በዓይኗ ዞረችው።

«ልጅዎ የት አለች?» አለች።

በሩ ጥግ ያለው ቦታ ባዶ ነው። መቼ እንደወጣች አላውቅም። ወደ ግቢው በር ሄድኩ፤ ከውጭ ያለው መንገድ አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪኖች የሚመላለሱበት ነው። ዘበኛው ማንም አልወጣም አለ። ቤቱን ዞርን። ከኋላ፣ ድሮ ማድቤት በነበረው ክፍል ግድግዳ አጠገብ፣ የግቢው ቧንቧ አለ። ልጄ የቧንቧውን ጎማ በርሜል ውስጥ ከትታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ካልሲዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ የሞላ ባልዲ ይዘው ወደ ሽንት ቤቱ ይሮጣሉ።

ያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ ቀኑ አይታወቅም፣ ሰዓቱም አይታወቅም። መጥቶ ካልተቀዳ ሳምንቱን በርሜሉ ባዶ ይከርማል።

«ውሃ መምጣቱን የምትነግረኝ እሷ ናት» አሉ ሴትዮዋ፣ ባልዲውን አስቀምጠው። «ሁለት ወሯ ነው። የእኔ ጆሮ እንግዲህ ደክሟል። ቧንቧው ንፋስ ሲያወጣ እሷ ክፍል ሆና ትሰማዋለች። አልነገረቻችሁም እንዴ?»

መምህርቷ ወደ በርሜሉ ቀረብ አለች። «ሳታስፈቅድ ወጥታለች ብዬ የጻፍኩት ይሄን ነው?» አለች። ማንን እንደጠየቀች አላውቅም።

እኔ ልጄ ፊት ቁጢጥ አልኩ። «ለምን ሳትነግሪኝ ወጣሽ?» አልኳት።

«ነግሬሃለሁ» አለች። «ጥርሱን ስትጠቀልል።»

«እኔ ምን አልኩሽ?»

«እሺ አልከኝ።»

ደብተሬ ላይ የረቡዕን እንዲህ ጻፍኩ። ውሃ ሰምታ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ነግራኛለች። እሺ ብያታለሁ። አላስታውስም።

ረቡዕ ላይ ቢያበቃ ለሐኪሙ የምወስደው ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር። ሐሙስ ግን አለ። ንባብ ነበር፤ ተራ በተራ እየተነሱ ያነባሉ። ልጄ እጇን አወጣች፣ በሌላኛው እጇ ደገፈችው፣ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ «እኔ፣ እኔ» አለች። መምህርቷ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ አስነሳች። ልጅቷ ሁለት ቃል እንዳነበበች የእኔ ልጅ መጽሐፉን መነጨቀቻት። ገጹ ተቀደደ። ልጅቷ መልሳ ስትይዘው የእኔዋ በእርሳስ ጫፍ የእጇን ጀርባ ወጋቻት። ትንሽ ደም ወጣ። ሁለቱም አለቀሱ፤ የእኔዋ ይብስ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔ እያየ ስለሆነ ሌላ ነው ልል አልችልም። ልጆች በሚወሰዱበት ሰዓት የዚያችን ልጅ እናት በር ላይ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። የልጇን እጅ አሳየችኝ። አየሁት።

ባለቤቴ መካኒሳ የባልትና ሱቅ አላት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ መከለሻ ትሸጣለች። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ልጅቷን ይዤ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ልጅቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ ባዶ ከረጢቶች ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነስታ ጎረቤት ሱቅ ሄደች። ባለቤቴ ደብተሬን ተቀብላ ቆማ አነበበችው። ደንበኛ ሲመጣ ታስቀምጠዋለች፣ ትመዝናለች፣ ተመልሳ ታነሳዋለች።

«ይሄን ልትሰጣቸው ነው?» አለች ስትጨርስ።

«አዎ።»

«በእርሳስ ወጋች ብለህ?»

«ወግታለች።»

«ወረቀት ሰውን ይከተላል» አለች። «አንተ ወረቀት ውስጥ ስለምትውል አይታይህም። ዛሬ የጻፍከውን ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ያነበዋል፣ ከነገ ወዲያ የሚያገባት ሰው ቤተሰብ ይሰማዋል።»

«ካልጻፍኩት እንዴት ይረዷታል?»

አንዲት ሴት ግማሽ ኪሎ ሽሮ ጠየቀች። ባለቤቴ መዝና፣ ላስቲኩን ቋጥራ፣ ሴትዮዋን ሸኝታ ከተመለሰች በኋላ ነው የተናገረችው።

«አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ተወልዳ ያደገችው ስልጤ ነው፤ በአስራ ሦስት ዓመቷ አክስቷ ዘንድ አዲስ አበባ መጣች። ትምህርቱን ያቆመችው ቤተሰቡ ስላልቻለ ነው ብዬ አስቤ ነበር። እሷም እንደዚያ ነው ብላኝ አታውቅም፣ አይደለም ብላኝም አታውቅም። በተጋባን አስራ አንድ ዓመት ውስጥ አልጠየቅኳትም።

«መምህሩ አባቴን ገበያ ላይ አገኘው» አለች። «ሰው ሁሉ ይሰማል። ይቺ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረችም፣ ቀልብ የላትም፣ ቤት ታግዛችሁ አለው። አባቴ በሰው ፊት ስለተነገረው አፈረ። በማግስቱ ደብተሬን ሰበሰበው።»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«መቀመጥ አልችልም ነበራ።» መደርደሪያውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። «አሁንስ ቁጭ ብዬ ምግብ ስበላ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አሰብኩ። አላየሁም። እንግዳ ሲኖር ትቀመጣለች፤ እኛ ብቻ ስንሆን ጉርሻዋን ይዛ ትመላለሳለች። ለእኛ ስትል የምትሮጥ ይመስለኝ ነበር።

ደብተሩን መለሰችልኝ። «ስጣቸው» አለች። «ግን ቅዳሜ ቁርአን ቤት ሄደህ እይና እሱንም ጻፍ። የምትቸገርበትን ብቻ አይተህ አትፍረድባት።»

ዓርብ ግማሽ ቀን ነው የተቀመጥኩት፤ ከጁምዓ በፊት ወጣሁ። ስሰናበት መምህርቷ በር ድረስ ሸኘችኝና የዚያ ቅጽ ሌላ ቅጂ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ነበረኝ።

«የመጀመሪያውን ስሞላ አንዱንም ጥያቄ አላነበብኩትም» አለች። «አርባ ሦስት ደብተር እያረምኩ ነበር። ንዴት ነው የሞላው።»

ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ሰጠችኝ። ሁልጊዜ የሚለው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ብዙ ጊዜና አልፎ አልፎ ላይ ተበትነዋል። አንድ ቦታ በጭራሽ ብላለች፤ ጥያቄው ሆን ብላ ሰው ታበሳጫለች ወይ የሚል ነው። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል «ቆማ ስትጽፍ ትሻላለች» ብላ ጨምራለች።

ቅዳሜ ልጄን ተከትዬ ቁርአን ቤት ሄድኩ። ሰፈራችን ካለው መስጊድ ጎን አንድ ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ነው። ጫማዬን አውልቄ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብለው፣ እያንዳንዱ ከቁርአኑ የራሱን ቦታ እያነበበ ይቀራል። ሁሉም ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ። ልጄ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከእነሱ ጋር ትወዛወዛለች። አንድ ቁራጭ እንዳጠናች ተነስታ ኡስታዙ ፊት ሄዳ ታሰማለች፣ ተመልሳ ሌላ ትጀምራለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነች። ሰዓቴን አይቻለሁ።

ሲጨርሱ ለኡስታዙ ነገሩን ነገርኩት። ወጣት ነው፤ ሳቅ አለ።

«እዚህ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ የት አለና?» አለኝ። «ሒፍዝ ላይ፣ በቃል መያዝ ላይ፣ ጎበዝ ናት። ስትሰማ ትይዛለች።» ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ጻፊ ካልኳት ግን ትጠፋብኛለች» አለ። «የእንጨት መጻፊያ ሉሕ ሰጥቻት ግማሹን ጽፋ አበባ ስላበት አምጥታለች።»

ሁለቱንም ጻፍኩ።

ቀጠሮው ቀን ባለቤቴ ሱቁን ዘግታ መጣች። ሐኪሙ አዲሱን ቅጽና ደብተሬን ጊዜ ወስደው አነበቡ። ሐሙስ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ረቡዕን ተመልሰው አነበቡ።

«የሚመስል ነገር አለ» አሉ። «ትኩረት የላትም ማለት አይደለም፤ ውሃውን ከሁሉ በፊት የሰማችው እሷ ናት። ያላትን ትኩረት ወደተፈለገበት መምራት ነው የሚያቅታት። መጽሐፉንም የመነጨቀችው መጠበቅ ስላቃታት ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች እስካሁን አላውቅም።» ባለቤቴን አዩዋት።

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ይኸው ልንገርዎት» አለች።

ካልሲውን ነገረቻቸው፣ ጫማውን ነገረቻቸው። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ቀጠለች። ባለፈው ክረምት ልጅቷ ሱቅ ውስጥ እያለች በጎች እየነዳ የሚያልፍ ነጋዴ ተከትላ አስፋልት ድረስ ሄዳለች፤ ባለቤቴ ሱቁን ክፍት ትታ ሩብ ሰዓት ፈልጋታለች። አንድ ሙሉ ጣሳ በርበሬ ገልብጣ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባታል። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስዳት እግሯን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ሁሉንም በተራ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ ተናገረች። ሐኪሙ ይጽፋሉ። እኔ እሰማለሁ።

ስትጨርስ፣ «ወረቀቱ ላይ ምን ብለው ነው የሚጽፉት?» አለች።

«ክትትል ላይ ያለች እላለሁ» አሉ። «ኤዲኤችዲ ሊሆን ይችላል፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር። መድኃኒት አሁን አልሰጥም። አንድ ስድስት ወር ቤትም ትምህርት ቤትም የምትችሉትን ሞክሩ። ካልተሻላት ስለ መድኃኒት እንነጋገራለን። መድኃኒት ቅጣት አይደለም፤ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ።»

«ሳይታወቅለት ያደገ ሰውስ ምን ይሆናል?» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሙ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «አንዳንዱ ይቸገራል» አሉ። «አንዳንዱ የሚሆነውን ሥራ ያገኛል። እኔ የልጆች ነኝ። ለትልቅ ሰው የት እንደሚሄዱ ግን ልጠቁምዎት እችላለሁ።»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አለች። አልሄደችም፤ እኔም አልጎተጎትኳትም።

ትምህርት ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ። መምህርቷ ልጄን ከበሩ ጥግ አንስታ ወደ ፊት አመጣቻት። የሳሎኑ መስኮት ደፍ ሰፊ ስለሆነ ለጽሑፍ ሰዓት እዚያ ላይ ቆማ እንድትጽፍ ፈቀደችላት። ደብተር የምታድለውም እሷ ሆነች። ስምንቱን መስመር ባትጨርስም ስድስት መድረስ ጀመረች። ውሃውን ግን ርዕሰ መምህርቷ ከለከለች፤ ልጅ በትምህርት ሰዓት ክፍል ለቃ አትወጣም አለች፤ ተገቢ ነው። ሁለት ጊዜ ውሃው መጥቶ ሄደ፣ በርሜሉ ባዶ ቀረ። የተወጋችው ልጅ እናት ልጇ ከእኔ ልጅ ጋር እንዳትቀመጥ አመለከተች፤ ከዚያ ወዲህ አብረው አልተቀመጡም። የአንድ የክፍል ልጅ የልደት ጥሪ ወረቀት ለሁሉም ሲታደል ለልጄ አልደረሳትም። በመገናኛ ደብተሩ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ያቺ መምህርት ሌላ ትምህርት ቤት ሄዳለች። አዲሱ መምህር ስለ መስኮቱ ነግሬው አንድ ልጅ ቆሞ ሌላው ተቀምጦ አይሆንም አለኝ። ኅዳር ሳይገባ ሁለት መስመር ተኩሉ ተመለሰ፣ ላለመሄድ ሆዴን አመመኝ ማለትም ጀመረች። ስድስቱ ወር ሞልቶ ስለነበር ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ በዚያ ቀን የጥያቄ ምልክቱን ሰረዙት። መድኃኒት በትንሹ እንድትጀምር ተስማማን። ቶሎ አይገኝም ነበር፤ ባለቤቴ ሦስት ቀን ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራ አገኘችው።

አምስተኛ ሳምንቷ ነው። የክፍል ሥራዋን ትጨርሳለች። ምሳ ዕቃዋ ግን ግማሹን ይዞ ይመለሳል፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትነጫነጫለች። ክብደቷን በየሳምንቱ እየመዘንን እንጽፋለን። ትክክል ሠርተናል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ገና አላወቅኩም ነው የምለው።

ባለፈው ሰኞ ታክሲ ውስጥ ኪኒኑ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ቀልብሽን ለመሰብሰብ እንዲያግዝሽ ነው» አልኳት።

«የት ሄዶ ነው?»

ለቡ ደረስንና ወረድን። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ቀጣዩ ቀጠሯችን ከኢድ በኋላ ነው፤ ባለቤቴ አብራን እንደምትመጣ ነግራኛለች።